ለሬዲዮ የተሰፋ ልብስ

ሦስቱን ብሎኖች ፈትቶ ከጨረሰ በኋላ አራተኛው ላይ የልብስ ሰፊው እጅ ቆመ። ብሎኑ አልዛገም፣ መፍቻውም አልተንሸራተተም፤ እምቢ ያለው እጁ ነው። ሰሌዳው በአንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ፣ ደረቁ ነፋስ በመጣ ቁጥር የበሩን መቃን ኳ ኳ ያደርጋል። «የሬዲዮ ጥገና፣ ኮምፒውተርም» ይላል ጽሑፉ። ፊደሎቹን ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የጻፋቸው እሱ ራሱ ነው። «ኮምፒውተርም» የሚለው ግን በኋላ፣ ጊዜው ሲመጣ የተጨመረ ስለሆነ፣ ድግስ ላይ ዘግይቶ እንደመጣ ሰው ጥጉ ላይ ተሸጉጦ ቀርቷል።

«ጨረስክ?» አለች ሚስቱ ከውስጥ።

«አንዱ እምቢ አለኝ።»

«እንግዲያው ዘይት ጠብ አድርግበት። የፈታሃቸውን ወዲህ በል፣ እንዳይጠፉ።»

ከበርጩማው ወርዶ ሦስቱን ብሎኖች ሰጣት። እሷም ሳታያቸው፣ መለዋወጫ የምታስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረቻቸውና ክዳኑን ገጠመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ቀን በፊት፣ ረቡዕ ማምሻውን፣ የቤቱ ሬዲዮ ደንቁሮ ተገኘ። ይህ ዜና ብቻ የሚሰማበት ዓይነት ሬዲዮ አይደለም፤ መልእክት የሚቀበልም የሚልክም፣ ከጎኑ ኮምፒውተር የተገናኘለት፣ ሚስቱ በገዛ እጇ ክፍል በክፍል የገጣጠመችው ነው። አንዲቷ ልጃቸው ስልክ በማይደርስበት ተራራ አናት ላይ፣ የአየር ጠባይ መመዝገቢያ ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ልክ በአሥር ሰዓት ድምጿ በዚህ ሬዲዮ ይመጣል። መጀመሪያ እናቷን፣ ቀጥሎ አባቷን ታናግራለች፤ አባትየው ሁልጊዜ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ የሰፋሁልሽ ኮት ይሞቅሻል ወይ ይላታል። ዛሬ ቅዳሜ ነው። የሬዲዮው መብራት ይበራል፣ ድምፁ ግን የለም።

ሚስቱ ከፍታ ስታየው ምክንያቱን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ከአንቴናው የሚመጣውን ደካማ ምልክት በመጀመሪያ የሚቀበለው ትራንዚስተር፣ እሷ «ጆሮው» የምትለው፣ ተቃጥሏል። ያቃጠለው ደግሞ መጻሕፍት ስታቲክ የሚሉት፣ ሰው በደረቅ ወራት ሹራብ ሲያወልቅ የሚንጣጣው፣ የበር እጀታ ሲነካ ጣት የሚነዝረው ኤሌክትሪክ ነው። እሷ «ሌባው» ትለዋለች፤ ሳይታይ ገብቶ ሳይታይ ይወጣልና። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሌባው በእሷ እጅ አልፎ አንዲት ዕቃ ገድሎ አያውቅም ነበር።

«ማክሰኞ ስሠራበት የአንጓዬን ሽቦ ማሰሬን አላስታውስም» አለችው ዛሬ ጠዋት፣ ዐይኗን ከሻይ ብርጭቆዋ ሳታነሣ። «ሦስት ቀን አሰብኩ። አልመጣልኝ አለ። እጄ መርሳት ከጀመረ የሰው ዕቃ መንካት ነውር ነው። ሰሌዳውን አውርድልኝ።»

ብታለቅስ ኖሮ ያባብላት ነበር። አላለቀሰችም። ስለዚህ መፍቻ ይዞ ወጣ።

ለማያውቃት ሰው የዚህች ሴት አሠራር ያስቃል። ሥራ ላይ ከጥጥ ቀሚስ በቀር ለብሳ አታውቅም። በደረቅ ወራት ማለዳ ተነሥታ ሲሚንቶውን ወለል በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፤ ክፍሉ እርጥበት ካገኘ ሌባው አቅም ያጣል። በባዶ እግሯ ትገባና ከግድግዳው ጥግ የሚወርደውን የብረት የውኃ ቧንቧ በመዳፏ ጭብጥ አድርጋ ትይዛለች፤ በላይዋ የተጠራቀመ ነገር ካለ ወደ መሬት ይውረድ ብላ ነው። ደንበኛ ቆሞ ቢጠብቅ፣ ዘመድ ከሩቅ ቢመጣ፣ መጀመሪያ ሰላም የሚባለው ቧንቧው ነው። ሰፈሩም «ቧንቧ ሳሚዋ» የሚል ስም አወጣላት፤ ሰምታም አልተቀየመች። ቀጥሎ በግራ አንጓዋ የመዳብ አምባር ታጠልቃለች፤ ከአምባሩ ቀጭን ሽቦ ይነሣል፣ በሽቦው መሐል ለራሷ ደኅንነት ያስገባችው አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መገደቢያ አለች፣ ጫፉ ላይ ያለው ቆንጣጭ ቧንቧውን ይነክሳል። ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ምንም ሥራ ላይ ብትሆን ተነሥታ የአንቴናውን ሽቦ ከሬዲዮው ነቅላ፣ ውጭ መሬት ውስጥ ከተቀበረው የብረት ዘንግ ጋር ታገናኘዋለች፤ አቧራ የያዘ ደረቅ ነፋስ አንቴናውን እየዳበሰ ኤሌክትሪክ ይሞላዋል። ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ ከስፌት መኪናው በላይ አሻግሮ ሲያይ ነው የኖረው። በዓለም ላይ እንደ እሷ ጥንቁቅ ሰው አለ ቢሉት አያምንም፤ ይኮራባታል፣ ኩራቱን ግን በአፉ ነግሯት አያውቅም።

ክፍሉ አንድ ነው፤ ሥራው ሁለት። በመስኮቱ በኩል የእሷ ጠረጴዛ፣ በበሩ በኩል የእሱ መኪና። ካውያም ሁለት አለ፤ አንዱ ሱሪ ይተኩሳል፣ ሌላው እርሳስ አቅልጦ ይበይዳል። በመሐላቸው ወለሉ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ የተሰመረ መስመር አለ። በተጋቡ በዓመቱ ያሰመረችው እሷ ናት። «ከዚህ ወዲያ ሹራብህን ሳታወልቅ፣ ቧንቧውን ሳትነካ፣ ባሌም ብትሆን አላውቅህም» ብላዋለች። መስመሩ ሲደበዝዝ የሚያድሰው እሱ ነው።

ባለፈው ረቡዕም ሕጉን ያከበረ መስሎት ነበር።

ሚስቱ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። ሬዲዮው ክዳኑ ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አቧራው በመስኮት ሽንቁር ይገባል። እሱ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ በምሥጢር የሰፋው ነገር ነበረው፤ ለሬዲዮው ልብስ። ከሴት ካፖርት ገበር ከተረፈ ወይን ጠጅ የፖሊስተር ከፋይ፣ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ። ለየማዞሪያው ቁልፍ አንድ አንድ የተዘመዘመ ቀዳዳ፣ ለሽቦው መውጫ ከኋላ ስንጥቅ። ዛሬ ቅዳሜ፣ ልጃቸው ስታወራ ሊያለብሰው አስቦ ነበር። ሹራቡን አወለቀ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ቧንቧውን ያዘ፤ ከዚያ እንደማንኛውም ደንበኛ ሬዲዮውን ልኩን አየ። ትከሻው ጠበበ። አውልቆ አስፍቶ እንደገና አጠለቀ። ሁለተኛ ሲያወልቅ ጣ የሚል ትንሽ ድምፅ ሰማ፤ ክር የተበጠሰ መሰለው። ያን ዕለት ማምሻውን ሬዲዮው ሲደነቁር ያ ትንሽ ድምፅ ትዝ አለው፤ ግን ሹራቡን አውልቆ፣ ቧንቧውን ነክቶ የለ? ጨርቅ ምን ያደርጋል ብሎ ልብሱን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

አሁን በርጩማው ላይ ተመልሶ ወጥቶ አራተኛውን ብሎን እያየ ሳለ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ እያለከለከ መጣ። ወፍራም የሱፍ ሹራብ ለብሷል፣ ብብቱ ሥር አንድ ነገር ሸጉጧል።

«ጋሼ፣ እትዬ አለች? ምነው ሰሌዳው?»

«ግባ፣ እሷን ጠይቃት።»

ጸሐፊው ገብቶ ከጠመኔው መስመር ላይ ቆመ፤ ሰፈሩ ሁሉ መስመሩን ያውቀዋል። «እትዬ፣ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አልነሣ አለ። ማስታወሻውን፣ ሚሞሪ የሚሉትን፣ ነቅዬ አመጣሁት፣ የዓመቱ ውጤት እንዳይጠፋብን።»

«ውጤቱ ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው፣ አትሥጋ። ግን እኔ ሥራ ትቻለሁ። ከመንገዱ ማዶ ላለው ጠጋኝ ስጠው።»

«ትቻለሁ ማለት?»

«ትቻለሁ ማለት ትቻለሁ ነዋ።»

ጸሐፊው ግራ ገብቶት ከብብቱ ያወጣውን አሳያት። አረንጓዴዋ የማስታወሻ ሰሌዳ በናይለን ከረጢት ተጠቅልላለች፣ ከረጢቱ ደግሞ በአንገት ልብስ። «ያው ማዶ እወስዳታለሁ። ተጠንቅቄ ነው የያዝኳት፣ አቧራ አልነካትም።»

ሴትዮዋ ሥራ ትታለች፣ ዝም ማለት ግን አልቻለችም። «ተጠንቅቀህ ልትገድላት ነው እንጂ!» አለች። «ናይለኑን ሹራብህ ላይ እያሻሸህ ነው የመጣኸው። ስማ፤ አንተን የሚነዝርህ ሌባው በጣም ሲበዛ ነው። እንዲህ ያለች ዕቃ ግን ውስጧ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው፤ አንተ ምንም ሳይሰማህ ትሞታለች።»

«እንግዲህ ቧንቧሽን ልሳመው?» አለ ጸሐፊው ሊያስቃት።

አልሳቀችም። «ቧንቧ ሰውን ያጸዳል። ጨርቅን አያጸዳውም። ናይለንና ፖሊስተር የያዙትን አይለቁም፤ አንተ ንጹሕ ብትሆንም ጨርቁ ራሱ ተሸክሞ ይመጣል። ሲለብስ ሲወልቅ፣ ሲለብስ ሲወልቅ ይሞላል፤ ከዚያ ያገኘው ቦታ ላይ ይለቀዋል።»

ልብስ ሰፊው በርጩማው ላይ እንዳለ የበሩን መቃን ያዘ። ጣ የሚለው ድምፅ እንደገና ጆሮው ውስጥ ተሰማው። ክር አልነበረም።

ከውስጥ ሚስቱ ከቆርቆሮዋ ብርማ ወረቀት አውጥታ፣ ጸሐፊው ሹራቡን እንዲያወልቅና ቧንቧውን እንዲይዝ አድርጋ፣ ማስታወሻዋን እንዴት እንደሚጠቀልላት ስታሳየው ነበር። ጸሐፊው ሹራቡን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ ማስታወሻዋን ከሹራቡ አርቆ በሁለት ጣቱ ይዞ ወጣ። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለች ሴት እንዴት ሥራ ትተዋለች?» አለው ሲያልፍ።

ልብስ ሰፊው አራተኛውን ብሎን ሳይነካ ወርዶ መኪናው ፊት ተቀመጠ። ወይን ጠጁ ልብስ መሳቢያው ውስጥ ተጣጥፎ ነው ያለው፤ ጉልበቱ መሳቢያውን ሲነካ እንኳ አፈረ።

«ስማኝማ» አለች ሚስቱ። «መለዋወጫ ጆሮ አንድ ብቻ ነው የቀረኝ። እኔ ብነካው ይሞታል። ስምንት ተኩል ሆኗል፤ ሂድና የማዶውን ጠጋኝ ጥራልኝ፣ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይበይድልኝ።»

«እሺ» አለ። ግን አልተነሣም።

ቢነሣ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነበር። የማዶው ሰው ይመጣል፣ ይበይዳል፣ ልጃቸው በአሥር ሰዓት ትናገራለች፤ ልብሱም ማታ እሳት ውስጥ ይገባል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ማንም አያውቅም። ቀና ብሎ አያት፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታገላብጣቸዋለች፤ መዳፉን፣ ጀርባውን፣ እንደገና መዳፉን። የሰው ዕቃ ይመስል። ከሠላሳ አንድ ዓመት ጀምሮ እነዚያን እጆች ሥራ ፈትተው አይቷቸው አያውቅም።

መሳቢያውን ሳበ። ሹራቡን አውልቆ፣ እስከ ጠመኔው መስመር ሄዶ ልብሱን በሁለት እጁ ዘረጋላት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ልብስ።»

«የማን?»

«የሬዲዮው።»

ተነሥታ መጣች። ከመስመሩ ሳታልፍ ተቀበለችው። መጀመሪያ ያየችው ስፌቱን ነው፤ ቀዳዳዎቹን በጣቷ አንድ በአንድ ዳበሰች፣ ለድምፅ፣ ለማስተካከያ፣ ለማጉያ። ከዚያ ከፋዩን ክንዷ ላይ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገችው። የክንዷ ጸጉር ቆመ። ጣ፣ ጣ አለ።

«መቼ?»

«ረቡዕ። እህትሽ ጋ ስትሄጂ። ሹራቤን አውልቄ ነበር፣ ቧንቧውንም ይዤ ነበር። ሕጉ ለሰው ብቻ መሰለኝ። ትከሻው ጠበበው፣ ሁለት ጊዜ አጠለቅሁለት። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ አሁን ነው፤ ለጸሐፊው ስትነግሪው።»

«ሦስት ቀን» አለች። «ሦስት ቀን ራሴን ስመረምር። ምሳ በላሁ ወይስ አልበላሁም እያልኩ ሁሉ ራሴን ስፈትን ነበር። አእምሮዬ ከድቶኛል፣ ነገ የልጄን ስም ልረሳ ነው ብዬ…»

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ምን ታውቃለህ አንተ! ሬዲዮ ብርድ ይመታዋል ብለህ ነው? ሱሪም ስፋለት እንጂ!» ብላ ልብሱን ወረወረችበት። ደረቱ ላይ ተለጠፈ፤ አልወድቅ አለ። እሱ ሊያላቅቀው ሲታገል፣ በእጁ ሲይዘው እጁ ላይ፣ በሌላው ሲይዘው ሌላው ላይ እየተጣበቀ አስቸገረው። እያየችው ሳቋ መጣ፤ ሳቁ መሐሉ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ በቀሚሷ እጀታ ፊቷን ጠረገች። ከዚያ ዝም ብላ የግራ አንጓዋን፣ የመዳቡ አምባር ለዓመታት አረንጓዴ ያደረገውን ቆዳ አየች።

«እንግዲያው ማክሰኞ አስሬ ነበር» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ። «አስሬ ነበር።»

ልብስ ሰፊው በሕይወቱ ብዙ ምስጋና ሰምቷል። እንደዚያ ዐረፍተ ነገር ደስ ያለው አንድም የለም፤ የተነገረውም ለእሱ አልነበረም።

«ምን ተገትረሃል? ወለሉን አርጥብ። ጫማህን አውልቅ። የጥጥ ሸሚዝ ልበስ፣ ያቺን ነጯን። ያንንም ጉድ ከመስመሩ ወዲያ፣ ከዐይኔ አርቀው።»

«ጠጋኙንስ?»

«የትኛውን ጠጋኝ?» አለች ቧንቧዋን እየጨበጠች።

አጉሊ መነጽሩን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋት ነበር። ከመዳብ ሽቦ ቆርጣ ለእሱም አምባር ጠመዘዘችለት፤ መገደቢያዋን በመሐል ገጥማ ከዚያው ቧንቧ ጋር አሰረችው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በእሷ ወገን ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ከቆርቆሮዋ ብርማ ወረቀቷን አወጣች፤ ብሎኖቹ ከሥሩ ተንኳኩ። ወረቀቱ ሲፈታ ጆሮው ታየ፤ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ፣ አራት እግር ያለው። እግሮቹ ላይ ከጸጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠምጥሟል። አራቱም አንድ ላይ እስከታሰሩ ድረስ ሌባው በመሐላቸው ልዩነት አይፈጥርም፤ ይህን አንድ ጊዜ ነግራው ነበር፣ አሁን ገና ገባው።

ካውያው ግሎ ሲደርስ ከሶኬቱ ነቀለችው፤ በያዘው ሙቀት ብቻ ነው የምትበይደው። አነሣችው። እጇ ተንቀጠቀጠ። መልሳ አስቀመጠችው።

«አየኸው?» አለች። ድምጿ ውስጥ የጠዋቱ ፍርሃት ተመልሶ ነበር።

«የኔም ክር ሳሰካ ይንቀጠቀጣል» አላት። «መርፌው ጨርቁ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን አንድም ቀን ተንቀጥቅጦ አያውቅም። የአንቺንም ከወዲያ ማዶ ሆኜ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። አንቺ አታዪውም፤ እኔ ነኝ የማየው።»

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ካውያውን አነሣች።

መነጽሩን አስጠጋላት። የካውያው ጫፍ የጆሮውን አንድ እግር ሲነካ እርሳሱ ቀልጦ አበራ፤ አንድ። እጇ ቆሟል። ካውያውን መልሳ አጋለች፣ ነቀለች፤ ሁለት። ሦስት። ከመስኮቱ ውጭ ነፋሱ አቧራ ያንቀዋልላል፣ ሰሌዳው መቃኑን ይደበድባል፣ እሷ ግን የምትሰማው ነገር የለም። አራት። መጨረሻ ላይ ያቺን እንደ ጸጉር የቀጠነች ሽቦ በወረንጦ ይዛ፣ ከተኛ ሕፃን ሥር ልብስ እንደምትስብ እናት ቀስ ብላ አወጣቻት። ልብስ ሰፊው ይህን ሲያይ ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ እጁ መነጽር ስለያዘ መጥረግ አልቻለም።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ነፋሱ ለአፍታ ጋብ ሲል፣ የአንቴናውን ሽቦ ከዘንጉ ፈትታ ወደ ሬዲዮው መለሰችው። ቁልፉን አዞረች።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ሽሽሽ አለ። ከሩቅ ዝናብ የሚመጣ ይመስል ነበር። ሁለቱም አልተነቃነቁም።

«በጥጥ ድገመው» አለች ዐይኗን ከሬዲዮው ሳታነሣ።

«ምኑን?»

«ልብሱን። ትከሻውን ሰፋ አድርገህ።»

ሊመልስላት ሲል ሽሽታው ተሰነጠቀ። «ቤት፣ ቤት፣ ትሰሙኛላችሁ? እማዬ?»

ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትናገረው እናት ናት። ዛሬ ግን መናገሪያውን ወደ እሱ ገፋችው። እጁን ሰደደ፣ መሐል ላይ አቆመው፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቧንቧውን በመዳፉ ጨበጠ። ቀዝቃዛ ነበር። በሽቦ ታስሮ ሳለ አስፈላጊ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ እሷ ግን አልሳቀችበትም። ከዚያ መናገሪያውን አነሣ።

«እንሰማሻለን ልጄ። ኮቱ ይሞቅሻል?»

«አባዬ! ይሞቀኛል። ዛሬ ድምፅህ ጥርት ብሎ ነው የሚመጣው፣ አጠገቤ ያለህ ነው የሚመስለው። የሚንኳኳው ምንድን ነው?»

ቀና አለ። ነፋሱ እንደገና ተነሥቶ ሰሌዳው በአንድ ብሎን እየተወዛወዘ መቃኑን ይመታል። ወደ ሚስቱ ዞረ። የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍታ በጣቷ ትፈልጋለች። ባዶ እጁን ሳብ አድርጋ ዘረጋችውና ሦስቱን ብሎኖች መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ሰሞኑን በተነካኩ ቁጥር ይነዛዘሩ ነበር፤ አሁን ጣቷ መዳፉ ላይ ሲያርፍ ምንም አልነዘረውም።

«አባዬ? ጠፋህብኝ እንዴ?»

«አለሁ» አላት፣ ብሎኖቹን ጨብጦ። «አለሁ። ሰሌዳችን ነው፤ ላልቶ ነበር። ከእናትሽ ጋ አውሪ፣ እኔ ላጠብቀው ነው።»